የተለያዩት የት ይገናኛሉ? ከሆጤ ሰማይ በላይ ስላለው ዳግም ጥምረት

የዛሬው የሳይንስ ዝግጅታችን በተለይ በደሴ ለሚገኘው የሆጤ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ ሬዲዮ የሚያዳምጥን ሁሉ ይመለከታል፤ የምንነጋገርበት ጉዳይ የሬዲዮ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስን ነውና።

በቤታችሁ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ የሚይዝ የቆየ ሬዲዮ ካለ ይህን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። እኩለ ቀን ላይ በመካከለኛው ሞገድ መርፌውን ከዳር እስከ ዳር ብታዞሩት አንድ ሁለት ጣቢያ ይሰማል፣ የቀረው ሽሽታ ነው። ፀሐይ ጠልቃ ራት ሲቀርብ ያው ሬዲዮ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ባትሪ፣ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ የዓረብኛ ጣቢያዎችን አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበ ያመጣቸዋል። በኤፍ ኤም ለምታዳምጡን ግን ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ወደ ሰማይ ከወጣ አይመለስም፤ የጦሳ ተራራ ከከለለውም ከለለው ነው።

ታዲያ ማታ ማታ ሰማዩ ላይ ምን ይለወጣል? ከራሳችን በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስ ጨረር አየሩን እየመታ ኤሌክትሮኖችን ከአቶሞችና ከሞለኪውሎች ይነጥላል። ኤሌክትሮን የተነጠቀው አካል አዮን ይባላል፤ ይህን የአየር ክፍልም አዮኖስፌር እንለዋለን። ኤሌክትሮን አሉታዊ፣ አዮኑ አዎንታዊ ስለሆኑ ይሳሳባሉ። ተመልሰው ሲገናኙ ዳግም ጥምረት ተፈጸመ እንላለን። ቀን ፀሐይ ትነጥላለች፣ ዳግም ጥምረት ያገናኛል፤ ማታ ግን የሚነጥል የለም፣ ማገናኘቱ ብቻ ይቀጥላል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁሉም ኤሌክትሮን ከመሸ በኋላ አዮኑን አግኝቶ ያርፍ ነበር፤ ሬዲዮውም ሌሊቱን በሙሉ ዝም ይል ነበር። የሚሆነው ግን ሌላ ነው። የታችኞቹ ኤሌክትሮኖች ወዲያው ይጠፋሉ፤ የላይኞቹ እስከ ንጋት ይቆያሉ። ሁሉም ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ የሚስባቸውም ያው ኤሌክትሪክ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የቦታ አለመመጣጠን ነው፤ ማለትም ላይና ታች፣ ሰሜንና ደቡብ፣ የዚህ ወገንና የዚያ ወገን አንድ ዓይነት አለመሆን። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የተለያዩ ነገሮች ቶሎ ይገናኙ ወይም ሳይገናኙ ይክረሙ የሚለውን ከመሳሳባቸው ብርታት ይልቅ የቆሙበት ቦታና በዙሪያቸው ያለው ነገር ይወስነዋል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ለምን እንዲህ ሆነ? ጥምረት ከመሳሳብ በተጨማሪ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ሁለት ነገሮች ተሳስበው ሲጋጩ ኃይል ይለቀቃል፤ ያ ኃይል መሄጃ ካላገኘ እንደመጡ ተፈናጥረው ይለያያሉ። የኬሚስትሪ መጻሕፍት "ሦስተኛ አካል" የሚሉት በዚህ ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። ወሎ ውስጥ ሁለት የተጣሉ ወገኖች ብቻቸውን ፊት ለፊት ቢገናኙ ጠቡ ይብሳል እንጂ አይበርድም፤ አበጋሩ መሐል ገብቶ ቁጣውን ሲያበርድ ነው እርቁ የሚጸናው። አንድ የኦክስጅን አቶም ከኦክስጅን ሞለኪውል ጋር ተገናኝቶ ኦዞን የሚሆነውም ሦስተኛ ሞለኪውል በዚያች ቅጽበት አጠገባቸው ተገኝቶ ትርፍ ኃይሉን ይዞ ሲሄድ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሲድኒ ቻፕማን የኦዞንን አፈጣጠር እ.ኤ.አ. በ1930 ሲያብራራ ይህን ደረጃ አስገብቶታል። የቻፕማንን ስም ያዙልኝ፣ ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመጣ እንደገና እናገኘዋለን።

አሁን ጥያቄው ሦስተኛው አካል የት ይገኛል የሚለው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላችኋል፤ ጆሯችሁ ደፈን ብሎ የሚከፈተውም የአየሩ ግፊት ስለጨመረ ነው። ይህን የምታክል አጭር መንገድ ጆሮ የሚያውቀው ለውጥ ካመጣች ወደ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ምን እንደሚሆን ገምቱ። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ሲነጻጸር ከ50 ሺህ አንድ እጅ አይሞላም። 300 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ በአሥር ቢሊዮኖች እጥፍ ይሳሳል።

ስለዚህ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው ዝቅተኛ ንብርብር ኤሌክትሮኖች የሚወድቁት ሞለኪውል በሞላበት መንደር ነው። ፀሐይ በጠለቀች በደቂቃዎች ውስጥ ከፊሎቹ ከአዮን ጋር ይገናኛሉ፤ ከፊሎቹም በሦስተኛ አካል እርዳታ ኦክስጅን ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ቀን ላይ የመካከለኛውን ሞገድ የሚውጥብን ይህ ንብርብር ነው። ሞገዱ ኤሌክትሮኖቹን ያወዛውዛቸዋል፣ እነሱ ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ኃይሉን ወደ ሙቀት ይቀይሩታል፤ ድምፁም በዚያው ይቀራል። ንብርብሩ ማታ ሲጠፋ ሞገዱ ያለ ከልካይ ወደ ላይ ያልፍና 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያለውን፣ ገና ያልጠፋውን ንብርብር ነክቶ ወደ ምድር ይታጠፋል። ባሕር ማዶ ያለው ጣቢያ ደሴ የሚደርሰው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ አገሮች ያሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም በዚሁ ሰማያዊ ጣሪያ ላይ ተመርኩዞ ነው የሠራው።

የአየሩ መሳሳት ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

አንድ ኤሌክትሮን ከአንድ የኦክስጅን አቶም አዮን ጋር ብቻውን ቢገናኝ ትርፉን ኃይል ማስወገድ የሚችለው ብርሃን በመልቀቅ ነው። ብርሃን ለመልቀቅ የሚፈጀው ጊዜ ኤሌክትሮኑ አዮኑን ሽው ብሎ ከሚያልፍበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅም ነው። ስለዚህ አብዛኛው ኤሌክትሮን ሳይያዝ ያልፋል። አዮኑ ሁለት አቶም ያለው ሞለኪውል ከሆነ፣ ለምሳሌ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ነገሩ ይገለበጣል። ኤሌክትሮኑ ሲገባ ሞለኪውሉ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ናይትሮጅኑ በአንድ በኩል ኦክስጅኑ በሌላ በኩል ተስፈንጥረው ትርፉን ኃይል በሩጫቸው ይዘውት ይሄዳሉ። ሦስተኛ አካል ከውጭ መጠበቅ ቀረ፤ ሞለኪውሉ ራሱ በውስጡ ይዞት ነበር ማለት ነው። ይህ መንገድ በብርሃን ከሚሆነው ጥምረት ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ቤትስና ሃሪ ማሲ የተባሉ ሳይንቲስቶች የአዮኖስፌርን አጠፋፍ በዚህ መንገድ ማስረዳት ጀመሩ።

እዚህ ላይ የስበት ኃይል ይገባል። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ንፋስ አየሩን ማማሰል ያቆማል፤ እያንዳንዱ ጋዝ እንደየክብደቱ ይደላደላል። ከባዶቹ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ሞለኪውሎች ወደ ታች ይከማቻሉ፤ ቀላሉ የኦክስጅን አቶም ከላይ ይነግሣል። ስለዚህ ላይኛው አዮን በአብዛኛው አቶም ነው፤ ኤሌክትሮን ሊይዝ ከፈለገ መጀመሪያ ከስንት አንድ ሞለኪውል አግኝቶ አዮንነቱን ለእሱ ማስተላለፍ አለበት። በ110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ኤሌክትሮን ለመጥፋት ከአንድ ደቂቃ በታች ሲበቃው፣ በ300 ኪሎ ሜትር ላይ ሰዓታት ይፈጅበታል። ከዚያ በላይ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ቢል ሞለኪውሎቹ በ20 እጥፍ ገደማ ይቀንሳሉ፣ የኤሌክትሮኑም ዕድሜ በዚያው መጠን ይረዝማል።

ይህን አኃዝ አትርሱት። ቀጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ይጠቅመናል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ምድር ትልቅ ማግኔት ናት። የማግኔቷ መስመሮች በዋልታዎች አካባቢ ወደ መሬት ተተክለው ይገባሉ፤ በማግኔታዊው የምድር ወገብ ላይ ግን ከመሬት ጋር ትይዩ ሆነው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጋደማሉ። ይህ ማግኔታዊ ወገብ ካርታ ላይ ከምናውቀው የምድር ወገብ የተለየ ነው፤ በአፍሪካ ቀንድ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 በነበረው ዘመቻ ጊዜ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ሲቋቋም አዲስ አበባን ተፈላጊ ያደረጋት ይኸው ለማግኔታዊው ወገብ ያላት ቅርበት ነበር። ጣቢያውን ያቋቋሙት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዌን ናቸው። በኋላ በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጥናታቸው ይበልጥ ታወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተመዘገበው የአዲስ አበባ የማግኔት መረጃ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ሀብት ነው። እኛ ግን ስለእሱ የምንናገረው ከሚገባው ያነሰ ይመስለኛል።

መስመሮቹ መጋደማቸው ለምን ያስፈልጋል? ኤሌክትሮንና አዮን ማግኔታዊ መስመርን ተከትለው በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ መስመሩን አቋርጠው መሄድ ግን ይከብዳቸዋል። ቀን ላይ በከፍታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ኤሌክትሪካዊ መስክ አለ። ወደ ምሥራቅ ያመለከተ ኤሌክትሪካዊ መስክ ወደ ሰሜን ከተጋደመ ማግኔታዊ መስክ ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሮኖችንና አዮኖችን አንድ ላይ ወደ ላይ ያነሣቸዋል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላሉ። ያን የ20 እጥፍ አኃዝ አስታወሳችሁ? ዳግም ጥምረት ሊበላቸው የነበሩት ኤሌክትሮኖች ከአፉ ወጥተው ሞለኪውል ወደሌለበት ደጋ ይሸሻሉ።

ከዚያ ላይ ሆነው በተጋደሙት መስመሮች ላይ በስበትና በግፊት እየተንሸራተቱ በሁለት በኩል ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ወደ ሰሜን በላይኛው ግብፅ አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ በታንዛኒያ አቅጣጫ። ስለዚህ ፀሐይ ከአናት በሆነችበት በእኛ ሰማይ ላይ ኤሌክትሮን ያንሳል፤ ከማግኔታዊው ወገብ በግራና በቀኝ 15 ዲግሪ ያህል ርቆ ሁለት ጉብታ ሆኖ ይቆለላል። ኤድዋርድ አፕልተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ይህን ሲጽፍ ሰው የጠበቀው ተቃራኒውን ነበር። ፀሐይ የሚበረታበት ቦታ ኤሌክትሮንም የሚበዛበት ይመስል ነበርና። በማግስቱ ዓመት አፕልተን ስለ አዮኖስፌር በሠራው ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ሁለቱ ጉብታዎችም እኩል አይሆኑም። ከፍ ባለው አየር ውስጥ ንፋስ ከበጋው ንፍቀ ክበብ ወደ ክረምቱ ይነፍሳል። ንፋሱ በመጣበት በኩል ኤሌክትሮኖቹን በመስመሮቹ ላይ ሽቅብ ይገፋቸዋል፤ በሚሄድበት በኩል ቁልቁል ይገፋቸዋል። ሽቅብ የተገፉት ዕድሜ ያገኛሉ፤ ቁልቁል የተገፉት ሞለኪውል ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። የንፋሱ አንድ ወገን መሆን በሰሜንና በደቡብ መካከል ያለውን የጥምረት ፍጥነት ለየ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለማየት ተፈጥሮ አንዳንዴ መብራቱን አጥፍታ ታሳየናለች። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ላይ ላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታይታለች። ደሴም ሙሉው ቀለበት ባይደርሳትም የፀሐይዋ አብዛኛው ገጽ ተሸፍኖ ብርሃኑ ደብዝዞ ነበር። ብዙዎቻችሁ በጥቁር መስታወት ያያችሁት ይመስለኛል። ለአዮኖስፌር ተመራማሪ ግርዶሽ ማለት ነጣዩ በድንገት የደከመበትና አገናኙ ብቻውን የቀረበት ሰዓት ነው። የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር በምን ያህል ፍጥነት እንደወረደ ከተለካ የዳግም ጥምረት ፍጥነት ይሰላል። በታችኞቹ ንብርብሮች ቁጥሩ ከግርዶሹ ጋር እግር በእግር ይወርዳል፣ ከግርዶሹም ጋር ይመለሳል። ከላይ ግን ለውጡ ዘግይቶና ተዳክሞ ይመጣል፤ እዚያ ያለው ዳግም ጥምረት ሰዓታት ስለሚፈልግ ግርዶሹ ቀድሞት ያልቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ጨረቃ የፀሐይን ፊት ብትሸፍንም ከፊቱ ውጭ የተዘረጋው ኮሮና የተባለው የፀሐይ ድባብ ኤክስ ጨረሩን መላኩን አያቆምም። ስለዚህ ስሌቱ ላይ ይህን መቀነስ ያስፈልጋል።

ለአፍታ ወደ መሬት እንውረድ። መብራት ባልገባበት የገጠር ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ከእሷ በሽቦ የተያያዘችውን የኤል ኢ ዲ አምፖል አስቧት። ሁለቱም ውስጥ ያለው ሥራ የኤሌክትሮን ዳግም ጥምረት ነው፤ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ። በሰሌዳው ውስጥ ብርሃን ኤሌክትሮንን ከቦታው ሲያስነሣ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ያም ባዶ ቦታ እንደ አዎንታዊ ነገር ይንቀሳቀሳል። ሲሊከኑ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቢሆን ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ባዶ ቦታው ውስጥ ይወድቅና ሰሌዳው ከመሞቅ በቀር ምንም አይሰጥም። ስለዚህ አንዱን ወገን በትንሽ ፎስፈረስ፣ ሌላውን በትንሽ ቦሮን ሆን ብለው ያለያዩታል። በመገናኛቸው ላይ የሚፈጠረው መስክ ኤሌክትሮኑን ወደ አንድ፣ ባዶ ቦታውን ወደ ሌላ ወገን ይነዳል። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሥራ የበቃው የሲሊከን ሰሌዳ ዋና ጥበቡ ይህ ነው። አምፖሏ ውስጥ ግን ያው አለመመጣጠን ሁለቱን ወገኖች ወደ አንድ ቀጭን ንብርብር ገፍቶ ያስገባቸዋል፤ እዚያ ሲገናኙ ብርሃን ይወጣል። ከጣሪያ በላይ እንዳይገናኙ፣ ከጣሪያ በታች እንዲገናኙ ተደርገው ተሠርተዋል።

ሕይወት ይህን ከሰው ቀድማ ታውቀዋለች። ብርሃን ከሚመገቡ ባክቴሪያዎች መካከል የአንዱን የብርሃን መቀበያ ማዕከል አሠራር እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ያደረጉትና በ1988 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት ዮሐን ዳይዘንሆፈር፣ ሮበርት ሁበርና ሃርትሙት ሚሼል ያገኙት መዋቅር ሁለት መንታ የሚመስሉ ቅርንጫፎች አሉት። ኤሌክትሮኑ የሚሄደው ግን በአንደኛው ቅርንጫፍ ብቻ ነው። በመንታዎቹ መካከል ያለችው ጥቂት ልዩነት መንገዱን ወስና ኤሌክትሮኑን ከቢሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ መመለሻ ወደሌለው ሩቅ ቦታ ታደርሰዋለች። የማሽላችንና የጤፋችን ቅጠልም የሚሠራው ከዚህ ጋር በተዛመደ መንገድ ነው።

እስካሁን የጠቀስኳቸው አለመመጣጠኖች በስበት፣ በማግኔት፣ በንፋስ ወይም በሰው እጅ የመጡ ናቸው። ከውጭ ምንም ሳይጨመር፣ እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ተቃራኒ ቅንጣቶች በዘፈቀደ ተበትነው ቢቀመጡስ? እነሱም ራሳቸው አለመመጣጠን ይፈጥራሉ። ሶቪየቶቹ አሌክሳንደር ኦቭቺኒኮቭና ያኮቭ ዜልዶቪች እ.ኤ.አ. በ1978፣ አሜሪካውያኑ ዳግ ቱሳንትና ፍራንክ ዊልቼክ በ1983 ይህን በሒሳብ አሳይተዋል። በዘፈቀደ ሲበተኑ አንዱ ሰፈር በአጋጣሚ አንደኛው ዓይነት ትንሽ ይበዛበታል። ጥምረቱ እኩል የሆኑትን ከበላ በኋላ የሚቀረው ያ ትርፍ ነው፤ ሰፈሩ የአንድ ወገን ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተቃራኒዎች የሚገናኙት በሰፈሮች ድንበር ላይ ብቻ ነው። ተራው ስሌት የቅንጣቶቹ ብዛት ወደ አንድ ሺህኛ ለመውረድ አንድ ሺህ የጊዜ ክፍል ይበቃል ቢል፣ ይህ መለያየት አሥር ሺህ ያደርሰዋል። ጥምረቱ ራሱ የሚያዘገየውን አጥር ይሠራል።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ጥምረት ራሱ ድንበር መሥራቱ በእኛ ሰማይ ላይም በትልቁ ይታያል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያ ወደ ላይ የሚያነሣው መስክ ከመዳከሙ በፊት ለጥቂት ጊዜ ይበረታል፤ ንብርብሩ በፍጥነት ከፍ ይላል። በዚያው ሰዓት ከሥሩ ዳግም ጥምረት የታችኛውን ወገን ይግጠዋል። ላይ ጥቅጥቅ ያለ ኤሌክትሮን፣ ሥሩ ባዶ፤ በመካከላቸው እንደ ገደል የቆመ ድንበር። ከባድ ነገር በቀላል ነገር ላይ ሲቀመጥ አይረጋም። ድንበሩ ላይ ትንሽ እጥፋት ካለች ከሥር ያለው ባዶ ቦታ እንደ አረፋ ሰርስሮ ሽቅብ ይወጣል። አረፋዎቹ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ሊደርሱ፣ በማግኔታዊ መስመሮቹም ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሊዘረጉ ይችላሉ። ከሳተላይት የሚመጣ የቦታ ጠቋሚ ምልክት በውስጣቸው ሲያልፍ ይርገበገባል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። በአውሮፕላን ጉዞና በመሬት ቅየሳ ለሚሠሩ ሰዎች ይህ ተራ ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ የአገራችን ልጆች ሥራ ትልቅ ነው፤ ስማቸውን ተማሪዎቻችን እንዲያውቁት እወዳለሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ባይሌ ዳምጤ የአዮኖስፌርና የራዳር ተመራማሪ ናቸው፤ በዩኒቨርሲቲው ዋሸራ የተባለው የሕዋና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለ። በአሜሪካ የሚሠሩት ዶክተር እንዳወቀ ይዘንጋው አምበር በተባለው ፕሮጀክት በአፍሪካ አገሮች የማግኔት መለኪያ ጣቢያዎችን ተክለዋል፤ አንዱ አዲግራት ነው። ዘዴው ይማርካል። በማግኔታዊው ወገብ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ስም ያወጣለት ያው ሲድኒ ቻፕማን ነው። አዲስ አበባ ጅረቱ ሥር ስትሆን አዲግራት ከእሱ ወጣ ያለች ናት። ከአዲስ አበባው ንባብ የአዲግራቱ ሲቀነስ የሚቀረው የጅረቱ ብርታት ነው፤ ከእሱም ኤሌክትሮኖቹ በዚያ ሰዓት ምን ያህል ሽቅብ እየተነሡ እንደሆነ ይገመታል። መሬት ላይ የተተከሉ ሁለት መለኪያዎች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን እንቅስቃሴ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 የአሜሪካ ጂኦፊዚክስ ኅብረት በቻፕማን ስም የሚጠራውን ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ያደረገው በዚሁ ጉዳይ፣ አዮኖስፌር በምድር ዙሪያና በሰሜንና በደቡብ ንፍቀ ክበብ ለምን እንደሚለያይ ለመነጋገር ነበር።

አረፋዎቹ በእኛ በኩል የሚበዙት ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው ወራት፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት የቀንና የሌሊት ድንበር ከማግኔታዊ መስመሮቹ ጋር ይገጥማል፤ ሰሜኑም ደቡቡም በአንድ ጊዜ ይመሻል። የፀሐይዋ አቀማመጥ በሁለቱ ወራት አንድ ስለሆነ አረፋውም እኩል መሆን ነበረበት። ነገር ግን የመጋቢቱና የመስከረሙ አይተካከሉም፤ በከፍታው ያለው ንፋስና የአቶምና የሞለኪውል መጠን በሁለቱ ወቅቶች አንድ አለመሆኑ እንደ ምክንያት ይጠቀሳል። ከእነዚህ የትኛው ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ተመራማሪዎች ገና እየተከራከሩ ነው፤ ለክርክሩ የሚያስፈልገው መለኪያም የሚተከለው እኛ በምንኖርበት ምድር ላይ ነው።